«ሰገድክ? ምን በላህ?»

ዛሬ የማወራችሁ ለትምህርት ውጭ አገር ስለሚሄዱ የሙስሊም ልጆች ነው። «እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ከዚህ አገር ዐረቦች ብዙ ወጣቶች ሕክምና ለመማር ወደ ዮርዳኖስ፣ ጀርመን፣ ሮማኒያና ሞልዶቫ ይሄዳሉ። የሥራ ባልደረባዬ የገሊላ ሰው ናት፤ ወንድሟ የተማረው ሰሜን ጀርመን ነው። የእሱን ነገር ስታጫውተኝ የአባቴ ወሬ ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ ከመንደር ወጥቶ ጎንደር ከተማ ሲማር ድርቆሽና በሶ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው። ክርስቲያን ያረደውን አይበላማ! ሙስሊሙም እንደዚያው በየፊናው ነበር።

ያ ልጅ ሐላል ሥጋ ሲያጣ ኮሼር ፈልጎ ይገዛ ነበር። ቁርዓን የመጽሐፍ ሰዎችን ምግብ ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩ ላይ ሊቃውንቱ ቢለያዩም። አውሮፓ ውስጥ ይሄ ነገር የእኛም ጉዳይ ነው። ቤልጂየም ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ሁለቱ ትልልቅ ክልሎች ከብት ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ ከልክለዋል። አይሁዱም ሙስሊሙም ፍርድ ቤት ሄደው ተከራከሩ፣ አልሆነላቸውም።

ጾሙስ? ጎንደር ቀኑና ሌሊቱ ብዙም አይለያይም። በ2016 ግን ረመዳን ሰኔ ላይ ዋለ። በሰሜን ጀርመን በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ከ18 ሰዓት በላይ ውሃ ሳይቀምሱ መዋል፣ በላዩ ላይ ፈተና። የሚሰግደው ደግሞ ደረጃ ሥር ነበር። በዚያው ዓመት በርሊን ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሙስሊሞቹን መስገጃ ዘግቷል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የከበደኝ የመጠጡ ነገር ነው። ጠጣ ብሎ የሚያስገድደው የለም። ነገር ግን ተማሪው የሚገናኘው ቢራ ቤት ነው፤ ሁልጊዜ ውሃ ይዞ መቀመጥ ይሰለቻል፣ ቀስ በቀስ መቅረት ይመጣል። ከቀረ ደግሞ አብሮት የሚያጠና፣ ያመለጠውን ትምህርት የሚነግረው የለም። ልጁ ፈተና ወደቀ።

እናቱ በየቀኑ ትደውል ነበር። «ሰገድክ? ምን በላህ?» እሱም «አዎ እማ፣ ደህና ነኝ» ይላል። መውደቁን ቤት የሰማው ከሰባት ወር በኋላ ነው። እኛም ፕኒሚያ ያደግን ልጆች ይቺን «ደህና ነኝ» አሳምረን እናውቃታለን።

እናትየዋ መጠየቋ ልክ ነው፤ ሃይማኖቷ ነው፣ ልጇም ነው። ግን ልጁ ስልኩን እንደ ሌላ ፈተና ነበር የሚያየው። በኋላ እህቱ መክራት፣ በሚቀጥለው ረመዳን «ዛሬ ከማን ጋር አፈጠርክ?» አለችው። ዝም አለ። ከዚያ «ብቻዬን» አላት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። በሳምንቱ እህቱ በሰው በሰው አንድ የቱርክ ቤተሰብ አገኘችለት፤ ዓርብ ዓርብ ማታ እነሱ ቤት ያፈጥር ጀመር።

ትምህርቱን አንድ ዓመት ዘግይቶ ጨረሰ።