የአባት ቤት ተሸጦ አፓርታማ?

አባታችን የተዉልንን ቤት ሸጠን ከተካፈልን ወዲህ የዘመድ ምክር አንድ ነው፦ «ሰሚት ወይ አያት አፓርታማ ግዢና አከራዪው፤ ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።»

ቁጭ ያለ አከራይ ግን አላየሁም። ሲኤምሲ ቤት ያላት ጓደኛዬ የውኃ ፓምፕ ሲቃጠልም፣ ሊፍት ሲቆምም፣ የጄኔሬተር ነዳጅ መዋጮ ሲመጣም የሚጮኸው የእሷ ስልክ ነው። ደላላውና የኪራይ ገቢ ግብሩ ሳይቆጠሩ።

በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፦ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ያልበለጠ፣ ጭማሪም መንግሥት በሚያስታውቀው ልክ ብቻ። ቦሌ ቡልቡላ ተከራይቼ በኖርኩበት ዘመን ቢወጣ እልል እል ነበር። አሁን በአከራይ ዓይን ሳነበው ፊቴ ይጨማደዳል (የሰው ነገር!)። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡን ባንክ ማስተኛትም ያስፈራል።

አያቴ በሕይወት ቢኖሩ ይስቁብኝ ነበር። የሚያከራዩዋቸው ቤቶች በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ተብለው ተወርሰውባቸዋል። ከዚያ በኋላ የቤት ወሬ ሲነሳ ተነስተው ይወጡ ነበር።

እኔ ግን ቅዳሜ ገርጂ አንዲት ባለ አንድ መኝታ ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ።