ደራሲ ካልተቸገረ አይጽፍም?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ዶስቶየቭስኪ ቁማርተኛ ባይሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አይጽፍም ነበር» እያለ ሲሞግተኝ አመሸ። እኛ ዘንድ ይህ ወሬ ገበያ አለው። ደራሲ ከተባለ ጸጉሩ ይንጨባረር፣ ኪሱ ይራቆት፣ ጫትና አረቄ አይለየው። የቤት ኪራዩን በጊዜው የሚከፍል፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ደራሲ ግን ብዙም አይታመንም። እንግዲያው ይህ ሩሲያዊ ደራሲ እንዴት ይውልና ያመሽ እንደነበር ትንሽ ላውራ።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 1865 ነው። ወንድሙ ሚካኤል በዋዜማው ዓመት ሞቶ የመጽሔቱንም እዳ የቤተሰቡንም ቀለብ ለእሱ ጥሎበት ሄዷል። ስቴሎቭስኪ የሚባል አሳታሚ 3,000 ሩብል ሰጠውና ክፉ ውል አስፈረመው፤ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልቦለድ ካላስረከበ፣ ለዘጠኝ ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ አሳታሚው ያለ ክፍያ ሊያትም ነው። ዶስቶየቭስኪ ደግሞ «ወንጀልና ቅጣት» ላይ ተጠምዷል። የመጀመሪያውን ረቂቅ አቃጥሎ እንደ አዲስ ጀምሮታል፤ በመጽሔትም በክፍል በክፍል እየወጣ ነው። የ1866 ኦክቶበር ሲገባ ከተዋዋለበት ልቦለድ አንድም ገጽ አልነበረውም። ወዳጆቹ «ተካፍለን እንጻፍልህ» አሉት። ሰው በጻፈው ላይ ስሜን አላኖርም አለ።

በመጨረሻ የሚነገራትን በፍጥነት በምልክት የምትከትብ የሃያ ዓመት ልጅ ተቀጠረች፤ አና ስኒትኪና። አና ቆይታ በጻፈችው ትዝታ እንደምትነግረን፣ ሰውየው ሲያስጽፍ አይቀመጥም። ከበሩ እስከ ማሞቂያ ምድጃው ክፍሉን እየተመላለሰ፣ ምድጃው ጋ በደረሰ ቁጥር ሁለቴ ኳ ኳ ያደርገዋል። አንድ ቀን ስትመጣ የቻይና የአበባ ማስቀመጫው ከቦታው የለም፤ ሌላ ጊዜ የብር ማንኪያው ቀርቶ የእንጨት ሆኗል። ለካ መያዣ ሄደዋል። እሱ ሌሊት የሞነጫጨረውን ቀን ያስጽፋል፣ እሷ ማታ ቤቷ ገልብጣ በማግስቱ ታመጣለች፤ ከዚያ ስንት ገጽ ደረስን እያሉ ይቆጥራሉ። ልቦለዱ፣ «ቁማርተኛው»፣ በ26 ቀን አለቀ። አሳታሚው በበኩሉ ከከተማ ሹልክ ብሎ ጠፋ፤ ሠራተኛውም አልቀበልም አለ። ዶስቶየቭስኪ ረቂቁን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። (ተረኛው ፖሊስ ምን ብሎ መዝግቦት ይሆን?)

ወዳጄ እዚህ ላይ «አየህ፣ ጭንቀት ነው ያስጻፈው!» ማለቱ አይቀርም። ጭንቀቱማ ዓመት ሙሉ አብሮት ነበር፤ ከዚህ ልቦለድ ግን አንድ መስመር አላስጻፈውም። በኦክቶበር የተጨመረው ሰዓቷን ጠብቃ በሩን የምታንኳኳ፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ተጋቡ። ቁማሩ ወዲያው አልተወውም፤ አውሮፓ ሳሉ የአና ጌጥና ካፖርት ሳይቀር ተበልቷል። በ1871 ግን እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቤት ነው እኔን የሚገርመኝ። አና ሒሳቡን ከእጁ ወሰደች፤ በ1873 «አጋንንት»ን ራሷ አሳትማ ከቤታቸው ሸጠች። እሱ ሰው ሁሉ ሲተኛ ይጽፋል፣ ረፋድ ላይ ይነሳል። ሻዩን ወፍራም አድርጎ ራሱ ያዘጋጃል። ጠረጴዛው ላይ ያለ ዕቃ ከተነካበት ይነጫነጫል። ልጁ እንደጻፈችው፣ ልብሱ ላይ እድፍ ካለ ሐሳቡ ስለሚሰረቅ ሳያስለቅቅ ሥራ አይጀምርም። ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ያደፈ ደራሲ ለምንፈልግ ሰዎች ይሄ ሳይከፋን አይቀርም።

ሐዘን ጎደለበት ማለቴ አይደለም። የሚጥል በሽታው እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ በ1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ አሌክሴይ በዚያው በሽታ ሞተበት። ይሄን ማንም ደራሲ ለመጽሐፍ ብሎ አይመኘውም። ግን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» የተጻፈው ሻዩ በሰዓቱ በሚፈላበት፣ እዳው ተከፍሎ ሊያልቅ በተቃረበበት ቤት ነው፤ ከቁማር ጠረጴዛ ከተነሳም ብዙ ዓመቱ ነበር። መጽሐፉን ገልጠህ የመታሰቢያውን ገጽ እይ ወዳጄ። ለአና ይላል።