«ቤቴን እንጂ ስሜን አላከራየሁም»

ቦንጋ ላይ ሆቴል ትተን ቤት የተከራየንባት ሳምንት

ጉዞ ሲነሳ አብዛኞቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው «ሆቴሉ እንዴት ነው?» ብለን ነው። አልጋው ንጹሕ ከሆነና ሙቅ ውሃ ካለ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው እንላለን። እኔም እስከ ባለፈው ዓመት ጥር ድረስ እንደዚያ ነበርኩ። አመሌን ያስተወችኝ ቦንጋ ናት።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። ከጥምቀት በኋላ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድንና «እስቲ የቡናን አገር አይተን እንምጣ» ብለን ተነሳን። ከአዲስ አበባ ቦንጋ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅማ አደርንና በነጋታው በሚኒባስ ቀጠልን። የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ካፋ ሲገባ አገሩ ይለወጣል። ዳገቱ በጫካ ተሸፍኗል፣ በየጓሮው እንሰት አለ፣ ትልልቅ ዛፎች ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ከመካከላችን ቀልደኛው «እዚህ አገር ንብ እንኳን ፎቅ ቤት ነው የሚኖረው» አለና አሳቀን።

ቦንጋ ስንገባ ግን ሳቁ ቆመ። የመጀመሪያው ሆቴል «ክፍል ሞልቷል» አለን። ሁለተኛውም እንደዚያው። ያው ቦንጋ የካፋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። ሥልጠናና ስብሰባ በተጠራ ሰሞን የአበል እንግዳ አልጋውን ጠርጎ ይይዘዋል። ሦስተኛው ሆቴል አንድ ክፍል ተገኘ። ዋጋው ግን የሚቀመስ አልነበረም፤ ከሥሩ ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ ግድግዳውን ያንቀጠቅጠዋል።

የባጃጁ ልጅ ነው ያወጣን። «አንዲት እናት ዘንድ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አለ፤ ተከራዮቹ ለቀው ባዶ ነው» አለን። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ባለቤታቸው ሞተው ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ክፍሎቹን በወር ነበር የሚያከራዩት፤ ለእኛ ለሳምንት ሰጡን። የሳምንቱ ኪራይ የዚያ ሆቴል የሁለት ሌሊት ዋጋ አልሞላም።

ሆቴል የማይሰጠው

እውነቱን ለመናገር ቤቱ ምቾት የሚባል ነገር አልነበረውም። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በጀሪካን ተጠራቅሞ ይጠብቃል። ሻወር የለም። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ነው።

ግን ጠዋት የምንነሳው በቡና ሽታ ነበር። እትዬ የጫካ ቡና ቆልተው፣ በሙቀጫ ወቅጠው፣ ኮረሪማ ጣል አድርገው ያፈላሉ። ኮረሪማው የዚያው ጫካ ፍሬ ነው። ስኒው ሲቀርብ ወሬውም ይቀርባል። በካፋ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» እንደሚባል የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ዩኔስኮ የካፋን ደን በ2002 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል፤ ስፋቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ነው። እትዬ ግን የሚነግሩን ስለ ሄክታሩ አልነበረም። በልጅነታቸው ዛፍ ሥር የወደቀ ቡና እንዴት ይለቅሙ እንደነበር፣ ማር ሲቆረጥ ሰፈሩ እንዴት ተጠራርቶ ይቀምስ እንደነበር ነው።

መንገዱንም ያወጡልን እሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ እዚሁ ከተማ ያለውን ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዩ። ማንኪራ ስትሄዱ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ» አሉን። ማንኪራ ደቻ ወረዳ ውስጥ ያለ፣ የአገሬው ሰው የቡና መገኛ የሚለው ጫካ ነው። የባርታን ፏፏቴና የውሽውሽን የሻይ እርሻም እንዲሁ በእሳቸው ምክር አየን። ሆቴል ብናርፍ ይህን ሁሉ ማን ይነግረን ነበር? እንግዳ ተቀባይዋ ቁልፍ ሰጥታ ስልኳን ነው የምታየው።

ሦስተኛዋ ሌሊት

ችግሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቀልደኛው ጓደኛችን «እስቲ ከተማዋን በማታ ልያት» ብሎ ወጣ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በሩ ተደበደበ። ጠጥቷል፤ አንዲት ልጅም ይዞ መጥቷል። ውሻው ጮኸ፣ የጎረቤት መብራት በራ። ልጅቷ መንገድ ላይ ደንግጣ ተመለሰች። የ12ኛ ክፍሏ ተማሪ መጽሐፏን እንደያዘች በመስኮት ስታይ አየኋት። እትዬ ምንም ሳይናገሩ ከፈቱለት በኋላ መልሰው ቆለፉ።

ጠዋት ቡናው ተፈላ። ሁላችንም አቀርቅረናል። ሁለተኛው ስኒ ላይ እትዬ ረጋ ብለው «ልጆቼ፣ እኔ ቤቴን እንጂ ስሜን አላከራየሁም» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ጓደኛችን «እከፍላለሁ፣ ኪራዩን እጥፍ አደርገዋለሁ» ማለት ጀመረ። ይሄ ከሌሊቱ የባሰ ሆነ። «ገንዘቡን ሆቴል ክፈልበት» አሉት። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሆቴል ውስጥ የምትከፍለው ብር አመልህንም ይሸፍንልሃል፤ ነገ ሌላ እንግዳ ይተካል፤ ማንም አያስታውስህም። ሰው ቤት ግን አንተ ሄደህ ጎረቤቱ ይቀራል። ሴትዮዋ በዚያ ኪራይ ነው ልጃቸውን የሚያስተምሩት። «እዚያ ግቢ ማታ ማታ ወንድ ይገባል» ከተባለ ደህና ተከራይ ከየት ይመጣል? ልጅቱስ?

ጓደኛችን በመጨረሻ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። ይቅር አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የግቢው በር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይቆለፍ ጀመር፤ ሦስታችንም ላይ።

ከመከራየታችሁ በፊት

ከዚያች ሳምንት የተማርኩትን እነሆ።

አንደኛ፣ ዋጋ ስትነጋገሩ ዝርዝሩን ጠይቁ። በክፍል ነው በሰው? መብራት፣ ከሰል፣ የልብስ አጠባ ተጨምሮበታል ወይ? «እንግባባለን» የሚባል ነገር መጨረሻው ኩርፊያ ነው።

ሁለተኛ፣ አልጋውን ከማየታችሁ በፊት ሽንት ቤቱንና ውሃውን እዩ።

ሦስተኛ፣ መታወቂያ ያዙና ሳትጠየቁ አሳዩ። አከራይዋ ስለ እናንተ ለቀበሌ መልስ የሚሰጡ እሳቸው ናቸው።

አራተኛ፣ በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ማምጣት ይቻላል? መጠጥስ? ጥያቄው ያሳፍራል አትበሉ። ሳይጠይቁ ማጥፋት ነው የሚያሳፍረው።

አምስተኛ፣ ካፋ ዝናባም አገር ነው። ከቻላችሁ በበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ያም ሆኖ ጃንጥላና ደህና ጫማ አይለያችሁ።

ሆቴል የሚሻልበት ጊዜም አለ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ፣ ሌሊት የምትደርሱ ከሆነ፣ ለመሥሪያ ቤት ደረሰኝ የምታቀርቡ ከሆነ ወይም እንደፈለግኩ ልውጣ ልግባ የምትሉ ከሆነ ሆቴሉን ምረጡ። ነውር የለውም። ብቻዋን የምትጓዝ እህትም የሚታወቅ ሰው ያልጠቆማትን ቤት በመንገድ ደላላ ብቻ ባትከራይ ይመረጣል።

ውጭ አገር ለምትሄዱም ነገሩ ያው ነው። በፈረንጆቹ 2008 ሳንፍራንሲስኮ የተጀመረው ኤርቢኤንቢ የሰውን ቤት በስልክ ማከራየትን የዓለም ንግድ አድርጎታል። ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ፣ በተለይ ለቤተሰብ፣ ከሆቴል ሊረክስ ይችላል። ነገር ግን የጽዳት ክፍያውንና የመሰረዣውን ሕግ ሳታነቡ አትክፈሉ፤ የከተማውንም ሕግ ጠይቁ። ለምሳሌ ኒውዮርክ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ባለቤቱ አብሮ የማይኖርበትን ቤት ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማከራየትን በጥብቅ እየከለከለች ነው። አንዱ ምክንያት የጎረቤት ስሞታ ነው። የጎረቤት ነገር ለካ ቦንጋም ኒውዮርክም አንድ ነው!

የተለያየን ቀን እትዬ በገመድ የተሰካ ኮረሪማ ለእያንዳንዳችን ሰጡን። ለቀልደኛውም አልነሱትም። እሱም ስልካቸውን ይዞ «የሚቀጥለው ዓመትም እመጣለሁ» አለ።

ዘንድሮ ጥር ሲቃረብ ደወለላቸው። ጤናውን ጠየቁት፣ እናቱን ጠየቁት፣ የልጃቸውን ደህንነት ነገሩት። ክፍሉን ሲጠይቃቸው ግን መልሳቸው አጭር ነበር።

«ሞልቷል ልጄ።»

እኔ ከሳምንት በኋላ ደወልኩ። ክፍሉ ባዶ ነበር። ለሱ ግን እስካሁን አልነገርኩትም።

መልካም ጉዞ!