ስለ ከበሮ ምርጫ

ለልጅ ከበሮ መምረጥ ለብዙ ሰው ቀላል ነገር ሆኖ ይታየዋል። አባት ወደ ገበያ ወጥቶ ቀለሙ ያማረውን፥ መጠኑ ያነሰውን፥ ዋጋው የረከሰውን አንሥቶ ይመጣል፤ ልጁም ሁለት ቀን ሲደበድበው ይሰነብትና በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ሥር ይጥለዋል። ከዚህ በኋላ «ልጄ ለሙዚቃ አልተፈጠረም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ከበሮውን ግን የሚመረምረው የለም።

እኔ ይህን ነገር አጥብቄ ለማሰብ የተገደድኩት በእኅቴ ልጅ ምክንያት ነው። ልጁ የ9 ዓመት ልጅ ሲሆን ከሕፃንነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው። የምንኖረው መካኒሳ ነው፤ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት በዚሁ በሰፈራችን ስላለ፥ በእጃቸው ምልክት እየተጨዋወቱ የሚያልፉ ልጆችን ማየት ለመካኒሳ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት ይህ ልጅ ደረቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ከበሮ እንዲገዛለት ጠየቀ። በዕድሜ የገፉት አጎታችን «ለማይሰማ ልጅ ከበሮ መግዛት በልጁ ማላገጥ ነው» አሉ፤ እኅቴም ጎረቤት እንዳይስቅበት ፈርታ ዝም አለች። ነገሩ ለእኔ ተተወ።

በመጀመሪያ ለሚሰማ ልጅና ለማንኛውም ጀማሪ ምን ዓይነት ከበሮ እንደሚስማማ ማወቅ ነበረብኝ። ዛሬ በከተማችን የምዕራብ አፍሪካው ጀምቤ ከአገራችን ከበሮ ጎን ቆሞ ይታያል። ጀምቤ የማሊና የጊኒ አገር ሰዎች መሣሪያ ነው። ቅርጹ እንደ ጽዋ ሆኖ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ ከላይ የፍየል ቆዳ በገመድ ይወጠርበታል፤ ከታች ግን ክፍት ነው። የሚመታውም በባዶ እጅ ነው። ዝናው በዓለም እንዲሰማ ብዙ ያገዘው፥ ጊኒያዊው ፎዴባ ኬይታ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፓሪስ ያቋቋመው የውዝዋዜ ጓድ ሲሆን፥ ይህም ጓድ ጊኒ በ1958 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ የአገሪቱ ብሔራዊ ጓድ ሆኗል።

ጥሩ ጀምቤ ሦስት ድምፅ ይሰጣል። መካከሉን በመዳፍ ሲመቱት ወፍራም፥ ዳር ዳሩን ጣቶችን ገጥመው ሲመቱት ጥርት ያለ፥ ጣቶችን ላላ አድርገው ሲመቱት ደግሞ እንደ ጥፊ የሚጮኽ ድምፅ ይወጣዋል። ጀማሪ ሦስተኛውን ቶሎ አያገኘውም፤ ግድም የለም። ሁለቱን ግን ሳይሠቃይ ማግኘት አለበት። እንግዲህ የምርጫው ሁሉ መሠረት ይኸው ነው፦ የዚህ ልጅ እጅ ከዚህ ቆዳ ላይ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ማውጣት ይችላልን? የአዋቂ ጀምቤ የአፉ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ6 ወይም ለ7 ዓመት ልጅ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከዚያ እጅግ ያነሰ እንደሆነ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ዕቃው መጫወቻ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከበሮውን በጭኖቹ መካከል ሲይዘው ትከሻው ሽቅብ ከተሰቀለ፥ ከበሮው ረዝሞበታል ማለት ነው። የአፉንም ጠርዝ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ስለት ያለው ጠርዝ የሕፃን ጣት ያቆስላል፤ ጣቱ የቆሰለ ልጅም ተመልሶ አይመጣም።

መዳፋቸው ገና ለጋ ለሆነ ልጆች በበትር የሚመታው ዱኑን የተባለው ከበሮ ይሻላል። ይህም ኬንኬኒ፥ ሳንግባን፥ ዱኑንባ እየተባለ በሦስት መጠን ይሠራል። በዶቃ መረብ የተሸፈነ ቅል ሆኖ ሲነቀነቅ የሚንሿሿም መሣሪያ አላቸው፤ ይህን ግን ቅል ያለው ሰው ሁሉ ከቤቱ ሊሠራው ይችላል። በበትር የሚመታ ከበሮ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወሰደው አዋጅ ሲነገር ይጎሰም ከነበረው ከነጋሪት ነው። (ስንቶቻችን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ፍለጋ ገጹን ስናገላብጥ ከበሮ ትዝ ይለናል?)

ለእኅቴ ልጅ ግን ይህ ስሌት ሁሉ ተገለበጠብኝ። ድምፅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ጆሮ ዋነኛ ተቀባዩ ይሁን እንጂ ብቸኛው አይደለም። ወፍራሙ ድምፅ ዝግ ብሎ ስለሚንቀጠቀጥ በእግር፥ በሆድና በደረት ይታወቃል፤ ቀጭኑን ግን ሰውነት እምብዛም አያገኘውም። ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ መስማቷ ከ8 ዓመቷ ጀምሮ እየደከመ ሄዶ በ12 ዓመቷ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፥ በከበሮና በመሰል መሣሪያዎች በዓለም የታወቀች ባለሙያ ሆናለች፤ ስትጫወትም ንዝረቱን ከወለሉ ለመቀበል ጫማዋን ታወልቃለች። ስለዚህ «ለትንሽ ልጅ ትንሽ ከበሮ» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም። ትንሹ ጀምቤ ለሚሰማ ልጅ መልካም ጓደኛ ሲሆን፥ ለእርሱ ግን ዝም ያለ እንጨት ነው።

ልጁ ለምን ከበሮ እንደ ጠየቀም ቆይቶ ገባኝ። በቡሄ፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ሊጨፍር ወጥቶ ነበር። ሆያ ሆዬ እንደሚታወቀው ዜማው በአፍ ቢሆንም ምቱ በዱላ ነው፤ ልጆቹ ሁሉ ባንድነት ዱላቸውን መሬት ላይ ይወቃሉ። እርሱም በእግሩ ሥር የሚመጣውን እየተቀበለ ዱላውን ከእነርሱ እኩል ያወርድ ነበር። በኮብልስቶን መንገድና በጭቃ ላይ ሲደርሱ ግን ምቱ ይጠፋበትና የጓደኞቹን ክንድ እያየ ይከተላል፤ ዘግይቶም ሲያወርድ ይሣቁበታል። አጎታችን ይህን አላዩም ነበር። ልጁ የጠየቀው መንገዱ ሲለወጥ የማይጠፋበትን ምት ነው።

እንግዲህ የአገራችንን ከበሮ መረጥሁ። ጀምቤ አንድ አፍ ሲኖረው የእኛ ከበሮ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ሰፊ፥ ሁለተኛው ጠባብ። ሊቃውንት ምሳሌ እየሰጡ የሚያስተምሩበት ጠፍር ዙሪያውን ይይዘዋል። በማንገቻ ከአንገት ሲንጠለጠል ጎኑ ከሆድ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ መዳፎችም ሁለቱን አፎች ለየብቻ ያገኛሉ። ለእርሱ ከዚህ የበለጠ ነገር አልታየኝም። ደግሞም አቋቋም የሚማሩ ደብተራዎችን የተመለከተ ሰው፥ በዝማሜ ጊዜ ሥራው የመቋሚያው መሆኑን፥ ከበሮው የሚገባው በመረግድና በጽፋት መሆኑን ያውቃል። ሰውነት አስቀድሞ ሲወዛወዝ ይማራል፤ ከበሮ ከኋላ ይመጣል። የእኅቴ ልጅ ሰውነት ደግሞ በዱላው ተምሮ ነበር።

መርካቶ ልጁን ይዤ ሄድኩ። ከበሮ የሚመታው ሰው ሳይኖር ከበሮ መግዛት፥ እግር ሳይለካ ጫማ እንደ መግዛት ነውና። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዳፉን በከበሮው ጎን ላይ እንዲያሳርፍ፥ ሰፊውን አፍ ስመታ አንድ ጣት፥ ጠባቡን ስመታ ሁለት ጣት እንዲያሳየኝ ተስማማን። ሻጩ መጀመሪያ ግር ብሎት ሲመለከተን ቆይቶ በኋላ ራሱ ከበሮ ያቀብለን ጀመር። በሦስቱ ላይ ልጁ ይደናገር ነበር፤ በአራተኛው ላይ ከ10 ምት 9ኙን አወቀ። ይህኛው ጎኑ ሳሳ ያለ፥ ሰፊ አፉም ከሌሎቹ የሰፋ ነበረ፤ ቀለሙ ግን አያምርም፤ ለቁመቱም ይከብደዋል። እርሱኑ ገዛን።

ሁለት ነገር ለወላጆች መናገር ይገባኛል። የመጀመሪያው፥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ብዙዎቹ ጥቂት የመስማት ቅሪት አላቸውና «ይሰማው እንደ ሆነ» እያሉ በጆሮ አጠገብ አጥብቆ መደብደብ ያንኑ ቅሪት ይጎዳል። ከበሮው በሆድና በጭን በኩል ይሁን። ሁለተኛው፥ የሲሚንቶ ወለል ንዝረት አያሳልፍም፤ እኛ ከልጁ እግር በታች ሳንቃ አነጠፍንለት፤ ጫማውን አውልቆ በዚያ ላይ ይቆማል፤ ታናሽ እኅቱም በሳንቃው ሌላ ጫፍ ተቀምጣ እየመታች ትመልስለታለች።

አጎታችን እስካሁን ነገሩን አልተቀበሉትም። እኔም አልከራከራቸውም፤ ቤት ሲመጡ ከበሮው ከአጠገባቸው እንዲርቅ ብቻ ይጠይቃሉ።

ትልቁ ችግር የመጣው ከክረምቱ ነው። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፤ የላላ ቆዳ ወፍራሙን ድምፅ ያደበዝዘዋል፤ ለሚሰማ ልጅ ይህ ቅር የሚያሰኝ ብቻ ሲሆን ለእኛ ልጅ ግን የምቱ መጥፋት ነው። ጀምቤ ገመዱ ተስቦ እንደገና ይጠብቃል፤ የእኛ ከበሮ ጠፍሩ አንድ ጊዜ ታስሮ ስለሚደርቅ መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ወደ ፍም ማስጠጋት ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። የነሐሴ ፀሐይ ደግሞ በመካኒሳ ጥቂት ናት፤ ጧት ብልጭ ያለች እንደሆነ እኅቴ ከልብሱ ሁሉ አስቀድማ ከበሮውን ታወጣለች።