ማይንዝ ላይ ጥሩምባ ስናማርጥ

እናንተዬ፣ አሮጌ ዕቃ ገዝቶ ያልተቃጠለ ማነው? መኪናም ይሁን ሶፋ፣ ላዩን አይተን ኪሳችንን እንፈታለን፤ ውስጡን ስናይ እንቆጫለን። እኔን ይህ ነገር ጀርመን ድረስ ተከትሎኛል።

ባለፈው ሰኔ ፍራንክፈርት ውስጥ ታክሲ የሚነዳ አብሮ አደጌ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የ15 ዓመት ልጁ ፍሬንች ሆርን ትጫወታለች። ያ ክብ ሆኖ የተጠቀለለው፣ ሰፊ አፉ ወደ ኋላ የዞረው ጥሩምባ ነው። አያቷም በክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ይህንኑ ይነፉ ነበር። የምትነፋው ግን የትምህርት ቤቱን ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ትመልሳለች። አባት ሌሊት እየነዳ ያጠራቀማት 4,000 ዩሮ ብቻ ናት። በዚህ ደህና አዲስ ሆርን አይታሰብም። እናም ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ወደ ማይንዝ አቀናን።

ማይንዝ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ናት። ራይን ወንዝ ዳር ተቀምጣለች፤ ቀይ ካቴድራሏ ሥር ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። የማተሚያው ሰው የጉተንበርግ አገር ናት። እኔ የማላውቀው፣ የአሌክሳንደር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1782 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራባት መሆኗን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የጀመሩት 103 የተባለው ሆርን ዛሬም ይሠራል።

ሁለት አሮጌ ሆርን አየን። አንዱ አሜሪካ፣ ኢንዲያና፣ ኤልክሃርት የተሠራ ኮን 8ዲ ነው፤ ዋጋው 2,800 ዩሮ። ሌላው 103 ነው፤ ቀለሙ ተላጧል፣ አፉ ላይ ጥጋኝ አለበት፣ ዋጋው ግን 3,900።

«ይሄኛው ብር እኮ ነው!» አለ ወዳጄ ኮኑን እያገላበጠ። ስሙ ኒኬል ሲልቨር ይሁን እንጂ ብር የሚባል የለበትም፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው።

ልጅቷ ሁለቱንም ነፋች። ኮኑ ሰፊ፣ ጠቆር ያለ፣ ክፍሉን የሚሞላ ድምፅ አለው። የክሊቭላንድ ኦርኬስትራና የሆሊውድ ፊልም ተጫዋቾች የወደዱት በዚሁ ነው። 103 ደግሞ ድምፁ ጠራ ያለ ነው፤ ትንፋሽ ሲነካው ወዲያው ይመልሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቧ የሄደው ወደ ኮኑ ነበር።

ይዘናቸው የሄድነው ጡረተኛ ጠጋኝ ግን አልቸኮሉም። ቫልቩን ሳይጫኑ የቫልቩን ቱቦ ሳብ አድርገው አወጡት። ደህና ቫልቭ ከሆነ «ቷ!» ይላል። ኮኑ ዝም አለ። ቫልቮቹ ተበልተው አየር ያሾልካሉ። ማሳደሻው 1,400 ዩሮ ገደማ እንደሚሆን ነገሩን። ደምሩት፤ 4,200 መጣ! የ103ቱ ቱቦ ግን «ቷ!» አለ። ጥጋኙስ? «እሱ መልክ ነው፤ ድምፅ አይነካም» አሉ።

ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየ። የአንድ ሺህ አንድ መቶ ዩሮ ልዩነት ለእሱ ብዙ ሌሊት ነው። ልጅቷ ዓይኗን ከኮኑ ነቅላ፣ «አባዬ፣ የሚሠራውን እንውሰድ» አለችው። ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠ።

እንግዲህ አሮጌ ሆርን የምትገዙ ካላችሁ ምክሬ ይኸው፦ ቫልቩን በመሳብ ፈትኑ። ከአፍ መክተቻው ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ቀያይ ነጥብ ካያችሁ ነሐሱ ውስጥ ውስጡን እየተበላ ነውና ተጠንቀቁ። ቀስ ብላችሁም፣ ጮክ አድርጋችሁም ንፉ፤ ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ ያዳምጥ። የማደሻውን ዋጋ ሳትደምሩ «ረከሰ» አትበሉ።

ወዳጄ እስከ ፍራንክፈርት ድረስ «መልኩ እኮ...» እያለ ሲያጉረመርም ልጁ ሣጥኑን አቅፋ አንቀላፍታ ነበር። ቸር ሰንብቱ!