17 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ

ሰፈራችን እሪ በከንቱ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ ሰፈር ነው። ስሙን ለሰው ስትነግሩት መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ "እሪ ብትል የሚደርስልህ የለም ማለት ነው አይደል?" ይላል። ድሮ ቀማኛ የበዛበት ስለነበረ ነው ይባላል። አያቴ ይሄን ወሬ አትወደውም ነበር። እምዬ ነበር የምንላት። "በከንቱ ያለው እዚህ ያልኖረ ሰው ነው" ትላለች። የራሷ ማስረጃም ነበራት፤ እሱን ማስረጃ ነው የቀዳሁት።

ግቢያችን ውስጥ፣ ቡና እያፈላች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አወራችኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ መፍረስ ከመጀመሯ በፊት ነው። አሁን እምዬም የለችም፣ ግቢውም የለም። ድምፁ ግን አንድ አሮጌ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። (አዎ፣ አውቃለሁ። ኮምፒውተር የተማርኩትም እኔው ነኝ።)

ለሙት ዓመቷ ቆራርጬ ለቤተሰብ ልልክ ፈለግኩ። ረጅም ዝምታ ያለበትን ቦታ እየፈለገ የሚቆርጥ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። ጀመረ፣ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። ኤረር የለም፣ ምንም የለም። ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ልጅ ዘንድ ዲስኩን ወሰድኩለት። ሰክቶ ትንሽ ጠበቀና "ቫይረስ ነው ወንድሜ፣ ፎርማት እናድርገው" አለኝ። አልፈርድበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። እኔ ግን ዲስኩን ነጥቄ ነው የወጣሁት።

ማታ ኤስትሬስን አስነሳሁ። ላልነካችሁት፦ ፕሮግራም ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። ፋይል ለመክፈት፣ ለማንበብ፣ ስክሪን ላይ አንድ ፊደል ለመጻፍ ሁሉ ከርነሉን መጥራት አለበት። ጥሪው ሲስተም ኮል ይባላል። ኤስትሬስ እያንዳንዱን ጥሪና የተሰጠውን መልስ በአንድ በአንድ መስመር ይዘረዝራል። በ1991 እ.ኤ.አ. ለሰን ኮምፒውተሮች ተጽፎ ኋላ ወደ ሊነክስ የመጣ ዕቃ ነው፤ እስካሁን የሚተካው አላገኘሁም።

መጀመሪያ ያየሁት አስደነገጠኝ። ፓይተን ገና ሲነሳ ይሄን ፋይል ስጠኝ ይላል፤ መልሱ "የለም"። እዚያኛው ፎልደር ውስጥስ? "የለም"። በዚያ ስም ካልሆነ በዚህኛውስ? "የለም"። ማያ ገጹ በ"የለም" ሞላ። እሪ በከንቱ ማለት ይሄ ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ነገሩ ግን ጤነኛ ነው። ፓይተን የሚፈልገውን ቤተ መጻሕፍት በየቤቱ እያንኳኳ ነው የሚያገኘው፤ አብዛኛው በር ባዶ ነው። ያልተመለሰ ጥሪ ሁሉ አደጋ አይደለም።

ወደ መጨረሻ ግን እንግዳ ነገር አየሁ። የእምዬ ፋይል ተከፈተ። ኤምማፕ የሚባለው ጥሪ ተጠራ፣ መልስ አገኘ። ከዚያ በኋላ ዝም። አንድም መስመር የለም። ስክሪፕቱ ተሰቅሏል፣ ግን ማንንም አልጠራም!

ለመረዳት ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ። ፋይሉ ወደ 480 ሜጋባይት ስለሆነ፣ ሁሉንም ከማንበብ ብዬ በኤምማፕ ነበር የከፈትኩት። ያኔ ከርነሉ ለፕሮግራሙ "ፋይሉ ሜሞሪ ላይ እንዳለ ቁጠረው" ይለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ግን እዚያ የለም። ፕሮግራሙ አንዱን ቦታ ሲነካ ፕሮሰሰሩ ባዶ መሆኑን ያያል፣ ፕሮግራሙን በቆመበት ያቆመዋል፣ ከርነሉ ሄዶ ከዲስክ ያመጣለታል። ፔጅ ፎልት የሚሉት ይሄን ነው። ዲስክ ድረስ የሚያስኬደው ሜጀር ይባላል፤ ሜሞሪ ውስጥ የተገኘውን ማያያዝ ብቻ ከሆነ ማይነር ነው። ፕሮግራሙ እንደተቋረጠ እንኳ አያውቅም። አልጠራማ። ለዚህ ነው ኤስትሬስ ምንም ያልሰማው።

ይሄን የሚሰማው ፐርፍ ትሬስ ነው። ሰረዝና ትልቁን ኤፍ አድርጋችሁ ማጅ ስትሉት ሜጀር ፎልቶችን ያሳያል፤ የትኛው ፋይል፣ ከፋይሉም የትኛው ቦታ እንደተነካ ይጽፋል። አስኬድኩት። መስመሮቹ ተንጋግተው መጡ፤ ከዚያ እየዘገዩ ሄዱ። በሁለት መስመር መሃል ሦስት ሰከንድ፣ አምስት ሰከንድ። ደህና ዲስክ በሚሊ ሰከንድ የሚያመጣውን ነው እንግዲህ። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቦታ 0ኤክስ5ኤ3ሲ000 ይላል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ስክሪፕቱ ባስ ኤረር ብሎ ሞተ። የከርነሉን መዝገብ ሳየው ዲስኩ ማንበብ አቅቶታል። ቫይረስ አይደለም፤ እየሞተ ነው።

ያ ቁጥር በአሥር ቤት ሲጻፍ 94,617,600 ነው። ድምፁን የቀዳሁት በአንድ ቻናል፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ እያንዳንዱ ሁለት ባይት ሆኖ ነው፤ በሰከንድ 88,200 ባይት ማለት ነው። አካፈልኩት። 17 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። አንድ ፔጅ 4,096 ባይት ነው፣ በእምዬ ድምፅ ሲለካ 46 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። አንድ ፊደል እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አለኝ። "እርግጠኛ ልሁን" እያልኩ ሰባት ጊዜ ደጋግሜ አስኬድኩት። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እስከ 17:52 ያሉት ሜጀር ፎልቶች ጠፉ፤ ሜሞሪ ውስጥ ቀርተዋልና ከዲስክ መምጣት አላስፈለጋቸውም። እኔም ተሻለው ብዬ ተደሰትኩ። ያልተሻለውን ቦታ ግን በየዙሩ ያንኑ ቁስል እያስነካሁት ነበር። ማወቅ ካለብኝ በላይ አወቅኩ።

በመጨረሻ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ምንም ሳልከፍት ዲስኩን በዲዲሬስኪው ወደ አዲስ ዲስክ መገልበጥ። መጀመሪያ ደህናውን ያነሳል፣ እንቢ ያለውን ዘሎ መዝግቦ ይይዛል፣ ኋላ ተመልሶ ይለማመጠዋል። ሁለት ቀን ፈጀ። ከእምዬ ፋይል ያልተነሳው 36,864 ባይት ብቻ ሆነ። ዘጠኝ ፔጅ፣ 0.4 ሰከንድ። ቦታው በዜሮ ተሞልቶ ቀረ።

ኤርፎን ሰክቼ ወደ 17:52 ሄድኩ።

እማዬን ልትወልድ ምጥ የያዛት ሌሊት ነው። አያቴ ወንድ አልነበረም፣ ዝናብ ነው፣ መብራት የለም። "እሪ አልኩ" ትላለች እምዬ፣ ሲኒ እያቀጨለች። "አንዴ ነው ያልኩት። አንዴ! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ከሁሉ ቀድማ በሩን በርግዳ የገባችው ማን ናት ብትል..." ከዚያ ባዶ። ከዚያ፦ "...ናት። ነፍሷን ይማረው።"

እማዬን ደውዬ ጠየቅኳት። አንድ ስም ነገረችኝ፣ ያለ ማመንታት። አክስቴን ጠየቅኳት፤ እሷም ያለ ማመንታት ሌላ ስም። ሁለቱም ጎረቤቶች አሁን የሉም። የሚያውቅ ሌላ ሰው ፍለጋ የድሮ ሰፈራችንን ሰዎች ስልክ ማሰባሰብ ጀምሬአለሁ፤ አንዱ አያት፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ የት እንደሆነ አይታወቅም።

ስክሪፕቱ ከ0.3 ሰከንድ የሚረዝም ዝምታ ሁሉ ይቆርጣል። ያቺን ክፍተትም ሊቆርጣትና "ማን ናት ብትል ናት" አድርጎ ሊገጥመው ነበር። ለእሷ ብቻ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ከ17:50 እስከ 17:55 ያለውን አትንካ የሚል። ለቤተሰቡ የላክሁት እንደዚያው፣ ከነባዶው ነው።