ማሲንቆ ፍለጋ ወደ መካነ ሰላም

ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያለውን መንገድ እንቅልፍና አቧራ ተካፍለው ወሰዱት። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ ቀሰቀሰኝ፤ ጊምባን አለፍን፤ አቀስታ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በኋላ በዓይኔ የቀረው ፈረስ ብቻ ነው። ደጋው ፈረስ ያበቅላል ማለት ይቻላል። ጋቢውን የተከናነበ ገበሬ በፈረስ ይሄዳል፣ ሜዳው ላይም ፈረስ ይግጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቁመናቸውን አደንቅ ነበር። በዚያ ጉዞ ግን ዓይኔ ጭራቸው ላይ ነበር፤ የትኛው ነጭ፣ የትኛው ረዥም፣ የትኛው ያልተሸለተ እንደሆነ እያየሁ ሄድኩ።

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው፤ የሄድኩት ማሲንቆ ልገዛ ነው። አዲስ አበባ ማሲንቆ አልጠፋም። ለቱሪስት ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ግድግዳው ሙሉ ተሰቅሏል፤ አንድ በአንድ እያስወረድኩ ሞክሬዋለሁ። ቆዳው ላይ ሥዕል፣ ዘንጉ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ክሩ ግን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን! ደጋኑን ሳስነካው እንጨት ከእንጨት የሚፋቅበት ድምፅ እንጂ ዜማ አልወጣም። ሻጩ 2,500 ብር ጠራና «ሳሎን ሲሰቀል ያምራል» አለኝ። ያን ቀን የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አልበረደልኝም። የሚናገር ዕቃ ዲዳ አድርገው ሠርተው፣ ከሚናገረው አስበልጠው ይሸጡታል። በኋላ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ወዳጄ፣ የሰርግ አዝማሪዎች ዕቃቸውን የሚያሠሩት ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ዳር ካሉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ እንደሆነ ነገረኝ። የወዳጄ ዘመድ የሆነ የከተማው ወጣት ከመናኸሪያ ተቀብሎ ወሰደኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ሽማግሌው ለምነውኛል፤ አልጽፍም።

ግቢው ውስጥ የዋንዛ ፍልጥ ተደርድሯል። ከቆላው፣ አባይ አፋፍ ካሉት ቀበሌዎች በአህያ የሚመጣላቸው ነው። «ከደንቆሮ ጫካ አይመጣም?» ብዬ ስጠይቅ መጥረቢያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ያ እኮ የተከለከለ ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ።» ጫካው ፓርክ የተባለው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ክልከላውን ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ይወስደዋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበትን ያን ጫካ ሳላይ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ልቤ ማሲንቆው ላይ ነበርና።

ሽማግሌው ሲሠሩ አይቸኩሉም። አራቱን ጣውላ አጋጥመው ሳጥኑን ያቆማሉ፤ ዘንጉ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ያልፋል። የፍየል ቆዳውን አርሰው በግራና በቀኝ ይወጥሩና ጥላ ውስጥ ያደርቁታል፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል አሉኝ። ስለ ክሩ ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «የባዝራ ጭራ አይሆንም፤ ሽንቷ ይነካዋል፤ ይበጣጠሳል። የድንጉላ ነው የሚሆነው።» የክሩም የደጋኑም ጭራ ከአንድ ፈረስ ቢሆን ይመርጣሉ። ባለ አንድ ክር የሚባለው ማሲንቆ ክሩ አንድ ጭራ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ በጣቴ ዳስሼ ተረዳሁ፤ ብዙ ጭራ አብሮ ተጠቃሎ ነው አንድ የሚሆነው።

ሁለት የተጠናቀቁ ነበሩ። አንደኛው ይጮኻል፤ ድምፁ ቀጭንና ቁጡ ነው። ሁለተኛው ወፍራም ድምፅ ነበረው፣ ግን ታፍኗል። ሰማዩ ደምኖ ስለነበር ቆዳው ላልቷል። ሽማግሌው ከምድጃው ፍም አጠገብ ይዘውት ቆዩ፤ እያገላበጡ፣ በጣታቸው ጫፍ እየመቱ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ። ከዚያ እጣን ደጋኑ ላይ አሹና ሰጡኝ። ሳብ ሳደርገው ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩ። በዚህ መሐል ቆዳ ሊያስቀይር የመጣ አንድ የሰርግ አዝማሪ ከእጄ ተቀበለኝ። ከክሩ ሥር ያለውን ብርኩማ ትንሽ ወደ ታች ገፋ አደረገ፤ ሌላ ምንም አልነካም። አምባሰል ጀመረ። አልዘፈነም፤ ማሲንቆው ብቻ ነው የዘፈነው። ጣቶቹ ክሩን ከጎን ነካ ነካ ያደርጉታል፣ ዘንጉ ላይ አይጫኑትም፤ ድምፁ እንደ ሰው ልቅሶ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ከዋናዎቹ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል በወሎ ቦታዎች ስም እንደሚጠሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አምባሰልን በወሎ አፈር ላይ ተቀምጬ፣ ማሲንቆውን ከሠራው እጅ አጠገብ ስሰማ ግን ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ዋጋ ጠየቅሁ። 1,200 ብር አሉ። ኪሴ ውስጥ እጄን ስከት ከመናኸሪያ ያመጣኝ ወጣት ቀደመኝ።

«ኧረ አባባ! 600 ይበቃዎታል። እንጨትና ቆዳ አይደል እንዴ?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ወጣቱ ዝምታውን እሺታ መስሎት ጨመረበት። «ለአዝማሪ ዕቃ ይሄን ያህል ምን ያስጠራል?»

ቡና ይዘው የመጡት ባለቤታቸው ረከቦቱን አስቀምጠው ቀና አሉ። «የፍየሉን ቆዳ ማን ገዛው? ዋንዛውን ማን አስጫነው? ጭራውን አጥቦ፣ አበጥሮ፣ ጠቅልሎ ማን አደረ? ሰርጋችሁ ላይ ስታለቅሱበት አዝማሪ አትሉትም፤ ዋጋ ሲመጣ ነው አዝማሪ የሚሆነው!» አዝማሪው አንገቱን ደፋ። ጥግ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ያገላብጥ የነበረው ልጃቸው ተነስቶ ወጣ። ሽማግሌው ብቻ «አብሽሪ፣ ተይው፤ እንግዳ ነው» አሉ። እኔ ግን መተው አልቻልኩም። ወጣቱን ውጪ ጠብቀኝ አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በሰው ግቢ። አሁንም ቢሆን እንደዚያው ነው የማደርገው።

የጠሩትን ከፈልኩ። 300 ብር ልጨምር ብል ባለቤታቸው ገንዘቡን መልሰው እጄ ላይ አደረጉት፤ ይልቁንም አንድ እስር ነጭ ጭራና በጨርቅ የተቋጠረ እጣን ሰጡኝ። በር ላይ ልጁ ይጠብቀኝ ነበር። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ፎርም ስሞላ የአባት ሥራ በሚለው ላይ ገበሬ እያልኩ ነው የምጽፈው» አለኝ። ለምን እንደነገረኝ አልጠየቅሁትም፤ የሰማውን ሰምቻለሁ። «አሁን የሰማሁትን ዓይነት ድምፅ አዲስ አበባ አላገኘሁም» አልኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ማሲንቆውን ግን እስከ መናኸሪያ ተሸከመልኝ።

የልጁ ነገር ሳራንጊ የሚባለውን የህንድ መሣሪያ ያስታውሰኛል። ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፣ ሆዱ በፍየል ቆዳ ይለበጣል፣ በፈረስ ጭራ ደጋን ይገዘገዛል። ዜማውን የሚይዙት ሦስት የአንጀት ክሮች ሲሆኑ ከሥራቸው በሠላሳዎቹ የሚቆጠር የብረት ሽቦ አብሮ ያስተጋባል። ተጫዋቾቹ የሴት ዘፋኞችና ጨፋሪዎች አጃቢ ስለነበሩ ለረዥም ዘመን ተንቀው ኖሩ። የሳራንጊ ተጫዋቹ ራም ናራያን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መሣሪያውን ብቻውን መድረክ ላይ አወጣው፤ በኋላም አውሮፓና አሜሪካ ወስዶ አስደመጠው። ዛሬ ህንድ ውስጥ ሳራንጊ የያዘ ሰው ባለሙያ ነው። እኛም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ እናስተምራለን፤ ተጫዋቹን ማክበር ጀምረናል። ሠሪውን ግን ገና አላየነውም። መካነ ሰላም ላይ ያ ማሲንቆ በርካሽ የተገኘው የሽማግሌው ድካም ስላልተቆጠረ ነው፤ 1,200 ብሩ የዕቃውን ወጪ ሸፍኖ ለእጃቸው ምን ያህል እንዳስቀረ ሳሰበው ያመኛል።

ወደ ደሴ ስንመለስ ዝናብ ጣለ፤ ማሲንቆውን በጋቢዬ ጠቅልዬ ታቅፌው መጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ማሲንቆ ልትገዛ ካሰብክ ሥዕሉን ተወው። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ሳጥኑን ማለፉን እይ፤ ቆዳውን በጣትህ ምታ፤ ክሩ ጭራ መሆኑን ዳስስ፤ መቃኛውን አዙረህ ሳይንሸራተት መያዙን ሞክር፤ ከተቻለ የሚችል ሰው ይዘህ ሂድና እሱ ይጫወትልህ። ከሠሪው ቤት ሄደህ ግዛ። ዋጋ ሲጠሩልህም የጠሩትን ክፈል።